ከሥር የነበሩት ቲማቲሞች

ሰው ሳይበላ የተወው ምግብ ሰውየውን መከተል የጀመረው ሰኞ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለእኔ ግን ነገር ሁሉ የተበላሸው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማክሰኞ ጥር 18 ቀን 1996 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ የማነሣው አንዱ ለሌላው የመጣ መልስ ነው ብዬ ስላመንኩ ነው። አሁንም አምናለሁ።

መጀመሪያ የታየው ከመንገዱ ማዶ በሚኖረው የሒሳብ መምህር ኋላ ነው። የቃና ዘገሊላ ማግሥት ነበር። መምህሩ ደብተሮቹን በብብቱ ይዞ ከግቢው ሲወጣ፣ ግማሽ እንጀራ ከነቀይ ወጡ ሦስት እርምጃ ከኋላው መሬት ለመሬት እየተንሸራተተ ተከተለው። ሲቆም ቆመ። ሲሄድ ሄደ። መምህሩ ዞር ብሎ አየውና «ሂድ» አለው። አልሄደም። ሰዓት ረፍዶበት ስለነበር መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት ገሰገሰ። እንጀራው ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ጠበቀው።

አራት ሰዓት ሲሆን በከተማችን ኋላው ባዶ የሆነ ሰው ጥቂት ነበር። ከተማችን በሐይቁና በአስፋልቱ መካከል ያለች፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ የምትልክ ትንሽ ከተማ ናት። ሰዉ ነገር ቶሎ ይለምዳል። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነገርን አስተውሎ መመዝገብን ስለሆነ፣ በዚያው ቀን ዞሬ አየሁ። የሚከተለው ምግብ አይሸትም። ዝንብ አያርፍበትም። ውሻ አጠገቡ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ቆጥሮት ያልፋል። ከባለቤቱ ሦስት እርምጃ ይርቃል፤ ሁለትም አራትም ሆኖ አላየሁም። ቤት አይገባም፤ በር ላይ ይጠብቃል። ባለቤቱን ደግሞ ፈጽሞ አይስትም።

ማክሰኞ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ «ትራፊ አስከትሎ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱን ከለጠፈው ዘበኛ ኋላ ሁለት ድንችና አንድ የዳቦ ጫፍ ቆመው ነበር።

የከተማው ሰው መጀመሪያ ያደረገው ወደ ሆቴሉ መሄድ ነው። አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አለን። ሃምሳ የሚሆን ሰው፣ እያንዳንዱ የራሱን አስከትሎ፣ የሀብታሙ በር በምግብ ተጥለቅልቆ ለማየት ተሰበሰበ። ባለቤቱ ሲወጣ ከኋላው የወጣው አንድ ጭልፋ ሩዝና አንድ የዓሣ ጭንቅላት ብቻ ነበር። የሆቴሉ ትራፊ በየቀኑ ቡሌ እየተባለ ለጫኞቹ ስለሚሸጥ ተበልቶ ያልቅ ኖሯል። ሰዉ አዘነ።

«ደብቆት ነው» አለ አንዱ።

«እኛ ድሆቹ ምን አለንና እንደፋለን?» አለ ሌላው። ይህን ሲል ከኋላው ሙሉ ድስት ምስር ቆሞ ያዳምጠው ነበር።

ከአጥሬ ቀጥሎ ምግብ ቤት ያላት ዘርፌ ነች። ዘርፌ ከሰው ሁሉ ይልቅ የምትኮራው ምግብ ደፍታ ባለማወቋ ነው። ማክሰኞ ቀን ላይ በሯን ስትከፍት የሻገተ እንጀራ ከደጃፏ እስከ ባጃጅ ተራው ተሰልፎ አገኘች።

«የሌላ ሰው ነው» አለችኝ። «እኔ ምግብ ደፍቼ አላውቅም፣ ጋሽ ቢተው። የምደፋው የሻገተ ነው።»

«ከመሻገቱ በፊት ምን ነበር?»

«እንጀራ።»

«ማን አሻገተው?»

«ሻገተ እንጂ ማን ያሻግተዋል? ሙቀት ነው። አየሩ ነው። አንተን ምን አገባህ?»

ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረች። ዘርፌ ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ዝም ማለት የማትችል ሴት ናት። «ምን ትፈልጋላችሁ?» አለቻቸው። «እሺ፣ አብዝቼ አስቀምጣለሁ። ደንበኛ ገብቶ ባዶ መሶብ ካየ ‹ዘርፌ ከሰረች› ይላል ብዬ ነው። ማታ እንደሚተርፍ ከጠዋቱ አውቃለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ይህን ስትል የመጀመሪያው እንጀራ ታጠፈ። ከሰልፉ ወጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው የጎመን መደብ አመራ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መደቡ ላይ ሲደርሱ እንደ ውሃ ወደ አፈሩ ሰረጉ። ዘርፌ ረቡዕ ጠዋት ያዘዘችው እንጀራ ከወትሮው ግማሽ ነበር። በስምንት ሰዓት አለቀባት፤ «አልቋል» የሚል ካርቶን ሰቅላ ተኛች። ማንም ከሰረች አላለም። በሯ ላይ የቆመም አልነበረም።

ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነበር። የሚጠብቁት መልስ ነው። እውነተኛ መልስ ያገኘ ይሄዳል። መልሱን ሰጥቶ ያንኑ የሚደግም ደግሞ በማግሥቱ ሌላ ሰልፍ ያገኛል። ሰው ይህን ከለየ በኋላ ከተማው በሁለት ሳምንት ውስጥ በእጅጉ ቀለለ። ምስሩን ያስከተለው ሰውዬ እንኳ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆሞ «እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው፤ እንግዳ ግን ከመጣ አራት ዓመቱ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ድስቱ ወዲያው ሄደ።

ከዚያ በፊት ግን ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቲማቲሞቹ ደረሱ።

የመጡት በአስፋልቱ፣ ከአዲስ አበባ አቅጣጫ ነው። የቀረበው ቀድሞ፣ የራቀው ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁለት ቀን ወስዶባቸዋል። የመንገዱን ወርድ ሞልተው ነበር። ሁሉም የተጨፈለቁ ናቸው፤ ገሚሱ ጎኑ የፈነዳ፣ ገሚሱ እንደ ቂጣ የተዘረጋ። አካሄዳቸው ግን ሥርዓት ነበረው። አይሱዙ ሲመጣ ወደ ዳር ይወጡለታል፣ ሲያልፍ ይመለሳሉ። አልፈው እስኪያልቁ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆነ።

ደላሎቹ በራቸውን ዘጉ። ቲማቲሞቹ አልፈዋቸው ሄዱ። ሚስማር መቺው ቱፋ መዶሻውን ይዞ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ቱፋ ላለፉት ሃያ ዓመታት የቲማቲም ሣጥን ክዳን ላይ ቆሞ ሚስማር የሚመታ ሰው ነው። «ወደ እኔ ነው የሚመጡት» አለ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። እሱንም አልፈውት ሄዱ። ወደ ማንጎው ሰፈር ታጠፉና አቶ ጌጤነህ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ሰዉ ተሳስተው ነው አለ። አቶ ጌጤነህ የምርት ጥራት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። በከተማችን ሳህን ጠርጎ በመብላት የሚታወቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ሠርግ ቤት ትሪውን በጣታቸው ዙሪያውን ይጠርጉና ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው «እህል ይረግማል!» ይላሉ። ሰው ልጆቹን ወደሳቸው እየጠቆመ ይመክራል።

እኔ አልተሳሳቱም አልኩ። ኮቴን ለብሼ ሄጄ አየኋቸው። እያንዳንዱን ባላውቀውም ከየት እንደነበረ አውቃለሁ። በሣጥኑ ውስጥ ከሥር እስከ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ የነበሩት ናቸው።

ነገሩን ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አካባቢ ቲማቲም የሚሸጠው በሣጥን ነበር እንጂ በሚዛን አልነበረም። በሣጥን ሲሸጥ ደላላው ሣጥኑ እንዲጠልቅ ይፈልጋል፤ በየዓመቱ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት እየጨመረ የሣጥኑ ጥልቀት አንድ ክንድ ደረሰ። ይህም አልበቃም። ከአፉ በላይ ጉልላት ሆኖ ካልተከመረ ሰጪው ንፉግ ይባላል። ሞልቶ ካልፈሰሰ በረከት የለውም ይባላል። ጉልላቱ ከተከመረ በኋላ ክዳን ይደረግና ቱፋ ይወጣበታል። ቱፋ ከባድ ሰው ነው። ክዳኑ ሣጥኑን እስኪነካ ይረግጠውና ሚስማሩን ይመታል። ከላይ ያለው ቲማቲም መሃል ያለውን፣ መሃል ያለው ከሥር ያለውን ይጫነዋል። መኪናው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ከሥር ያሉት ሦስት ረድፎች ውሃ ይሆናሉ። አዲስ አበባ ሲራገፍ ውሃው ቱቦ ውስጥ ይፈስሳል፤ ገዢውም ሻጩም «የመንገድ ነው» ይላሉ። ሰው ሁሉ ምግብ የሚባክነው ሳህን ላይ ይመስለዋል። የእኛ ግን ሳህን የሚባል ነገር ሳያይ ነበር የሚያልቀው።

ይህን ሁሉ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ጽፌዋለሁ። ጥናቱ ሃያ ሁለት ገጽ ነበር። መፍትሔውም እዚያው አለ፤ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት የሆነ፣ ክዳኑ በጠርዙ እንጂ በቲማቲሙ ላይ የማያርፍ ሣጥን። አንዱን በእጄ ሠርቼ፣ ከሌሎቹ ጋር አዲስ አበባ ልኬ አስመልሻለሁ። ከረጅሙ ሣጥን ሲሶው ውሃ ሆኖ ደረሰ። ከአጭሩ የተበላሹት ሦስት ፍሬዎች ናቸው።

ማክሰኞ ጥር 18 ቀን 1996 ዓ.ም. ጥናቱን በስብሰባ ላይ ለአቶ ጌጤነህ ሰጠሁ። አልገለጡትም። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡበት።

«ለአዲስ አበባ ሕዝብ ጎደሎ ሣጥን እንላክ ነው የምትለው?» አሉኝ።

«ጎደሎ አይደለም፣ ጌታዬ። ልኩን የያዘ ነው።»

«የእኛ ገበሬ ሞልቶ ሳያፈስ ሰጥቶ አያውቅም። አንተ ግን በጣት እየለካህ እንድትሰጥ ነው የተማርከው።» ሰው ሳቀ። «ደግሞስ ስማ፣ በእኛ አገር ምግብ አይባክንም። የሚባክነው ጠግበው በሚያድሩበት አገር ነው።» ሰው አጨበጨበ።

በሳምንቱ ወደ ቆዳና ሌጦ ክፍል ተዛወርኩ፤ ጥናቱም ከዝውውር ደብዳቤው ጋር ተመለሰልኝ። ክፍሉ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ነበረው። ቆዳም ሌጦም አልነበረውም። እዚያ ሃያ ዓመት ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ኃላፊው ጥናቱን አንብበውት እንደሆነ፣ አንብበውት ከሆነም ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ እንዲገልጹልኝ የሚጠይቅ። መልስ አልመጣም። በየዓመቱ ጥር 18 ቀን ግልባጩን ላክሁ። ናሙናዋን ሣጥን ቤቴ አምጥቼ ዕቃ ቤት ቆለፍኩባት።

እንግዲህ ቲማቲሞቹ እዚያ በር ላይ ሲቆሙ ምን እንደተሰማኝ ማንም የተማረ ሰው ይገምታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው እንዲያያቸው ተውኩ። ዓርብ ቀን ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ቲማቲሞቹ መንገድ ለቀቁልኝ።

አቶ ጌጤነህ በረንዳቸው ላይ ምሳ ጨርሰው ሳህኑን ይጠርጉ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ጌጤነህ።»

«ጤና ይስጥልኝ። ማን ልበል?»

«ቢተው ነኝ። ቢተው አንበርብር። የሣጥኑ።»

«የምን ሣጥን?»

«የቲማቲም ሣጥን። በ96 ጥናት ያቀረብኩልዎ። ቆዳና ሌጦ የላኩኝ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። የሚዋሽ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «አላስታውስህም፣ ልጄ» አሉ። «ብዙ ሰው ነው በእጄ ያለፈ።»

«ይህ በእነሱ ፊት የሚባል ነገር አይደለም» አልኩና ወደ በሩ ጠቆምኩ።

«እነዚህ የእኔ አይደሉም። እኔ ፍርፋሪ ትቼ አላውቅም። ተመልከት።» ሳህኑን አነሡልኝ። ከመጠረጉ የተነሣ ፊት ለፊት የቆሙት ቲማቲሞች በውስጡ ይታዩ ነበር።

«ጥናቱን አንብበውት ነበር?»

«ምሳ በልተሃል?» አሉኝ።

በእኛ አገር ይህ ከተባለ በኋላ ጥያቄ መድገም ነውር ነው። እሳቸውም ያውቃሉ። ተሰናብቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አውግዘው የጣሉት ሐሳብ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል፤ አገር እያየው ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ እርጥብ ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ፤ ድምፁ ቆመ። ሄድኩ፤ ሄደ። ወደ ኋላ አልዞርኩም። የተማረ ሰው ያላረጋገጠውን አይፈራም፤ እኔም እንዳላረጋግጥ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ዘርፌ ከምግብ ቤቷ በር ላይ ሆና አየችኝ።

«ጋሽ ቢተው» አለች፣ «እንግዳ አስከትለሃል።»

«የሳቸው ናቸው። መንገድ ስተው ነው።»

«የእኔ እንጀራ ስቶ ነበር?»

በሬን ዘግቼ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። እነዚህ ሞላላ ናቸው፤ ከሌሎቹ ዘግይተው የደረሱ። አቶ ጌጤነህ በር ላይ የቆሙት ክብ ነበሩ። ሞላላው ዘር ወደ አካባቢያችን የገባው በ1999 ነው። ከማንም በላይ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሌላ የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም። በሚያዝያ 1999 ቱፋ መጥቶ በሬን አንኳኩቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ያቺን አጭር ሣጥን አሳየኝ» ብሎኝ ነበር። «ልኳን ልውሰድና እኔው ራሴ ልሥራት። የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እንጨት ነው።»

«ደብዳቤዬ ሲመለስ ና» አልኩት።

በ2002 ደግሞ መጣ፤ በ2007ም መጣ። ያንኑ መለስኩለት። መርሕ ነው። አንድ ሰው ሐሳቡ ተዋርዶ፣ ያዋረዱት ሰዎች መልስ ሳይሰጡት፣ በጓሮ በር እንካችሁ ማለት የለበትም። ይህን ለቲማቲሞቹም ነገርኳቸው፤ በአጥሩ ላይ ሆኜ፣ ጮክ ብዬ፣ አራት ቀን። አንድም አልሄደም። እንዲያውም ሌሎች ተጨመሩ። በመጨረሻ ሰልፉ የዘርፌን በር ዘጋው። ደንበኞቿ በቲማቲሞቹ መካከል በጫፍ በጫፍ እየረገጡ ይገቡ ነበር።

ማክሰኞ ቱፋ መጣ። የአሥራ ሰባት ዓመት ሽበት ጨምሯል። ቲማቲሞቹ ለእሱ ከማንም ይልቅ ሰፊ መንገድ ከፈቱለት።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው ተመለሰ?»

«አልተመለሰም።»

«እሺ» አለና ዞረ። አላግባባኝም፤ አልተቆጣኝምም። ሰው ሱቅ ሄዶ ስኳር የለም ሲባል እንደሚመለሰው ነበር የተመለሰው።

«ቱፋ!»

«አቤት።»

«ለምን እንዳልሰጠሁህ ታውቃለህ?»

«ተቆጥተህ ነዋ።»

«በማን ላይ?»

«በሳቸው። እሳቸው ግን በሣጥን ውስጥ የሉም፣ ጋሼ። ያለው የአባቴ ቲማቲም ነው። እኔ ነኝ የምቆምበት። ሲፈነዳ በጫማዬ ይሰማኛል።»

ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ቱፋ በመዶሻው አንድ ጊዜ መታው። ሣጥኗ እንደተቀመጠች ነበረች። ተሸክሜያት ወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ልኩን አውቅ ነበር» አልኳቸው ቲማቲሞቹን። «ሦስት ጊዜ ተለምኜ ነበር። እኔን የጣሉኝ ሰዎች ትክክል እንዳልነበሩ እንዲታይ፣ እናንተ እንድትበላሹ ፈለግሁ። በየዓመቱ ስትበላሹ ደስ ይለኝ ነበር።»

ይህን ካልኩ በኋላ የፊተኛው ረድፍ ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሬ ላይ አንድም አልቀረም። ወደ ቱፋ አባት ማሳ ሄደው በቦዩ ዳር ዳር ወደ አፈሩ ገቡ። ቱፋ ሣጥኗን በስንዝር ሲለካ አልተመለከታቸውም።

የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች በየካቲት መጀመሪያ ተጫኑ። ሹፌሩ «የሕፃን አልጋ ነው እንዴ የጫንክብኝ?» ብሎ አፌዘበት። ጉልላት የሚባል የለም። ክዳኑ ላይ የሚቆም የለም። ደላሎቹ አጉረመረሙ፤ ቱፋ ሚዛን አምጥቶ መሃላቸው ሲያስቀምጥ ግን በኪሎ ገዙ። በእነዚያ ሳምንታት ከአዲስ አበባ የሚመለስ መኪና ሁሉ በመንገድ ያበላሸውን ከኋላው አስከትሎ ነበር የሚመለሰው፤ ረጅሙን ሣጥን የጫነ መኪና ኋላው ከድልድዩ እስከ ነዳጅ ማደያው ቀይ ነበር። የቱፋን ሣጥኖች የጫነው መኪና ሲመለስ ያስከተለው አሥራ አንድ ፍሬ ነው። ከእነዚህ አንዷ ከመኪናው ተለይታ ሹፌሩን ራሱን ወደ ቤቱ ተከተለችው።

«ይቺኛዋ ምን ሆና ነው?» አለ።

«ጉድጓድ ስትገባ ፍሬን አልያዝክም» አለው ቱፋ።

«ልክ ነው» አለ ሹፌሩ። ቲማቲሟ ወዲያው ወደ መንገድ ዳር ወጣች።

አሁን በከተማችን ረጅም ሣጥን የሚሠራ ሰው የለም። አሮጌዎቹን ዘርፌ ወንበር አደረገቻቸው። የሐይቁ ማዶ ከተሞችም ልኩን ወስደዋል። ይህ እንደሚሆን በገጽ 17 ላይ ጽፌ ነበር፤ ቃል በቃል ነው የሆነው። ስለዚህ ስለሚመጣው ጊዜ አልጠራጠርም። የሚባክን ነገር ለምን እንደባከነ የሚናገር ሰው ካገኘ ይቀንሳል። ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም።

የቀሩት የአቶ ጌጤነህ ናቸው። ክቦቹ፣ ከ1996 እስከ 1999 ያሉት። በሽምግልና ሰው ሄዶባቸዋል። ዘርፌ ራሷ ሄዳ «አባባ፣ አንድ ቃል ነው፤ ይናገሩና ይገላገሉ» ብላቸዋለች። ምሳ እንድትበላ ጋበዟት። ሳህናቸውን ይጠርጋሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቲማቲሞቹ ይነሣሉ፣ ሲሳለሙ ይቆማሉ፣ ሲመለሱ ይመለሳሉ። እሳቸው ወደ ኋላ አይዞሩም።

እኔም በየጠዋቱ እዚያ ነኝ። መጀመሪያ የምሄደው ጥያቄዬን ለመድገም ነበር። ከማንጎው ሥር ቆሜ እስኪወጡ እጠብቃለሁ፤ ሲወጡ እናገራለሁ፤ አይመልሱም። በመጋቢት አጋማሽ ላይ ቤቴ ለማደር መመለስ ተውኩ። ብርድ የለም። አንድ ቀን ዘርፌ በሳፋ ፍትፍት ይዛልኝ መጣች።

«ጋሽ ቢተው፣ እስቲ ቅመስ። ከስተሃል።»

«አልራበኝም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

«ቢያንስ ከነሱ መሃል ውጣ። ሰው ምን ይላል?»

ወደ ግራና ቀኜ አየሁ። ከፊተኛው ረድፍ ውስጥ ቆሜያለሁ። መቼ እንደገባሁ አላስታውስም፤ ቦታው ግን በልኬ የተተወ ነበር። ዘርፌ ሳፋውን እንደያዘች ተመለሰች። ውሻዋ ተከትሏት መጥቶ ነበር፤ ለስምንት ዓመት በየቀኑ እጄን የሚልስ ውሻ ነው። አጠገቤ ደረሰና አልፎኝ ሄደ።

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዝንብ አላረፈብኝም።

ዛሬ ጠዋት አቶ ጌጤነህ ከዘራቸውን ይዘው ከበራቸው ሲወጡ ቲማቲሞቹ ተነሡ፤ እኔም ተነሣሁ። ከኋላቸው ሦስት እርምጃ ነን። ሲቆሙ እንቆማለን። ጥናቱ በእጄ ነው። የብርጭቋቸው ቀለበት ከሽፋኑ ላይ እስካሁን አልጠፋም፤ ከሥሩ ያሉት ገጾች ግን ንጹሕ ናቸው። ደክሞኝ አይደለም፣ አልደከመኝም፤ እነሱም አልደከማቸውም። አቶ ጌጤነህ፣ ይዙሩና ይዩን። አንብበውት ነበር? ይመልሱልኝ።